ዳኛ ከጡሩምባ ድምፅ ርቆ አያድርም

አምቦ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሞቱማ፣ ደብረጼን፣ ሃንጋሪ፤

አከም ጅርታ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የሚያመው ዳገት ሲያይ ብቻ ነው። የአባቶቻችን አምላክ ከብርዱም፣ ከባቡሩም፣ ከማታውቀው ምግብም ይጠብቅህ። ያለህበት ከተማ ስሙ ደብር ደብር ይላል ብዬ ለሰው ብነግር፣ «በቃ ልጁ ገዳም ገብቷል» እያሉ ይስቁብኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሁሉቃ ማዶ እድር ዳኛ ከሆንኩ ሁለት ዘመን ሞላኝ። አንተ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰህ ቤት በተቀመጥክበት ጊዜ ያረቀቅከው ደንብ፣ የዳኛ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፣ ከሁለት ዘመን በላይም አይመረጥም ይላል። እኔም ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ይደረጋል፣ ሌላ ሰው ይመረጣል፣ የድንኳኑን ቁልፍ አስረክቤ እገላገላለሁ ብዬ ካፖርቴን አስተኩሼ ተነሣሁ።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በዕድሜያቸው ሙሉ ለቀጠሮ ደርሰው የማያውቁት እማማ ብርቅነሽ፣ መዋጮ እንኳ ወር ሳያሳልፉ የማይከፍሉት፣ ያን እሑድ ጠዋት በሰዓታቸው አረፉ። ዘጠና አልፏቸዋል፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተዋል፣ ጠግበው ነው የሄዱት። ግን ማሎ፣ እባካችሁ፣ ለሰኞ ቢያሳድሩት ምን ነበረበት! ፈየራ ጡሩምባውን ነፋ። ስብሰባው ቀርቶ ሁላችንም አካፋ ይዘን ወጣን። በስብሰባ ቀን ለቅሶ ከገጠመ ስብሰባው ይሰረዛል የሚል ደንብ ነው ያለን።

ከቀብር ስንመለስ ቁልፉን ለጸሐፊያችን ለአሰፋ ዘረጋሁለት። አሰፋን ታውቀዋለህ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከገባ ወዲህ ውሃ ሲጠጣም አንቀጽ ይጠቅሳል። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «አንቀጽ 11፤ ተተኪ እስኪመረጥ ድረስ ነባሩ ዳኛ በሥራው ይቆያል» አለኝ። ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የጻፈው ብለው፣ «የእህትህ ልጅ» አለኝ።

እንግዲህ አንተው ያሰርከኝን አንተው ፍታኝ። ከሁሉ የባሰብኝ አንቀጽ 14 ነው። «ዳኛ የጡሩምባ ድምፅ ከሚሰማበት ርቆ አያድርም» ይላል። እኔ ደግሞ ጉደር ጉዳይ አለኝ። ምን ጉዳይ ነው እንዳትለኝ። ሄዶ ማታ በመመለስ የማያልቅ ጉዳይ ነው፤ ይኸው ነው።

ትምህርትህ መቼ እንደሚያልቅና መቼ እንደምትመጣ አልጻፍክልኝም። ጻፍልኝ።

ኤሱማህ ዱጋሳ


ደብረጼን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም፣ ላሳደጉኝ ለኤሱማዬ ለዱጋሳ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልኝ፤ ዳገቱን ግን ማንሣት አልችልም። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ለሳቂዎቹ ሁሉ የሰብል ትምህርት ላይ ነው ያለው፣ ገዳም አልገባም ብለው ይንገሩልኝ።

ስለ ደንቡ ከመመለሴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉዳዩ ማን ትባላለች? ኤሱማ፣ እኔ እኮ እርስዎ ቤት ነው ያደግሁት! ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ካፖርቱን የሚያስተኩሰው ቁልፍ ለማስረከብ ነው ብለው ሌላ ሰው ያሞኙ።

ወደ ደንቡ ስመለስ፣ አሰፋ ልክ ነው። አንቀጽ 11ን አውቄ ነው የጻፍኩት። ያን ነሐሴ አይረሱትም። እናቴን የቀበርን ዕለት ሰማዩ ተቀድዶ ሲወርድ ድንኳኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። የዚያን ጊዜው ዳኛ «ዘመኔ አልቋል፣ ስብሰባው ከተሰረዘ የእኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ጅማ ዘመዶቹ ጋ ሄዷል። እናንተ በሩን እስክትሰብሩ ለቀስተኛው በዝናብ በሰበሰ። የእናቴ ለቅሶ ነበር። በሳምንቱ ብዕር አንሥቼ፣ ስብሰባ ቢቀር ዳኛ አይቀርም ብዬ ጻፍኩ። ከጡሩምባ ድምፅ ርቆ አያድርም ያልኩትም ለዚያው ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ፍቅር ስል ደንቡን አላጣምመውም።

መውጫ ግን አለው። አንቀጽ 8ን ያንብቡ። ሲሶው አባል ከፈረመ አስቸኳይ ጠቅላላ ስብሰባ መጥራት ይቻላል። ከግማሽ በላይ አባል ከተገኘ ምርጫው ይጸናል። መስቀልን መጠበቅ የለብዎትም። ያስፈርሙና ይጥሩ፤ ለፋሲካ ነፃ ሰው ነዎት።

ስለ መምጣቴ የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ፈተና ላይ ነኝ።

አክባሪዎ ሞቱማ


አምቦ፣ መጋቢት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለብልጡ ለሞቱማ፤

ነጋ ጅርታ? ሰላም ይብዛልህ፤ ብልጠትህ ግን ይቀንስልህ። እንዴት ብታውቅብኝ ነው!

ፀዳለ ትባላለች። ጉደር ወንዙ ዳር አትክልት ቦታ አላት፤ ሎሚ፣ ሙዝ፣ ጎመን ታለማለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንተ አታውቃትም፣ እኔም አላውቃትም ነበር። ያስተዋወቀን የእድሩ ትልቁ ድስት ነው። ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ተከራይታው ስትመልስ ክዳን የለውም። ክዳኑስ አልኳት። «ስወስደውም ራቁቱን ነበር» አለችኝ። እኔ ነበረው፣ እሷ አልነበረውም፤ ገበያተኛው ቆሞ እስኪሰማን ተጨቃጨቅን። እንዲህ የምትከራከር ሴት አይቼ አላውቅም። በሳምንቱ ስለ ክዳኑ ልጠይቅ ጉደር ሄድኩ። በሌላውም ሳምንት ሄድኩ። ከዚያ አንድ ቀን ክዳኑ እዚሁ የእኔው አልጋ ሥር ተገኘ! ለካ እሷ ልክ ነበረች። ብነግራትማ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እሄዳለሁ? መልሼ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ይህን ለሰው እንዳትተነፍስ።

ልንጋባ ተስማምተናል። አምቦ ግን አልመጣም አለች። እርሻዋን ለማን ትታ ትመጣለች? እውነቷን ነው። እኔ ልሂድ እንጂ ምን አለኝ፣ ጡረተኛ ነኝ። የያዘኝ ይኸው ቁልፍ ነው።

አሁን ስለ አስቸኳይ ስብሰባህ ልንገርህ። ለመፈረም የሰነፈ የለም፤ ሲሶ ብትል ግማሹ ፈረመ። ቀኑ ደረሰ። እኔና አሰፋ ዕቃ ቤቱ ግቢ ወንበር ደርድረን ቁጭ አልን። አባላቱ መጡ፤ መጥተው ግን መንገዱን ተሻግረው አጥር ሥር ቆሙ። ግቡ እንጂ ስንላቸው «እናንተ ቅደሙ»፣ «ኧረ በምንተዳዬ፣ አንተ ቅደም»፣ «ታላቅ እያለ!» ይባባላሉ። ነገሩ ገባህ? እኔ ዳግመኛ እንደማልመረጥ ያውቃሉ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጠቆማል ብለው ፈርተው ነው! ሌሊት ሞተ ሲባል ልብስ ሳይደርብ የሚሮጥ ሰው ሁሉ፣ ለሹመት ሲጠራ እግሩ ይተሳሰራል። ኦቦ ዳዲ ወደ ውስጥ የገባውን ፍየሉን ሊያወጣ አንድ እግሩን በር ላይ ቢያሳርፍ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። ሽምቅቅ ብሎ ፍየሉን ትቶ ወጣ። እስከ ማታ እንዲያ ቆመው ሲጫወቱ ውለው በሰላም ተበተኑ። ግቢው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አሰፋና ፍየሉ ነን።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ሲሾሙኝም አልበላሁ፣ ልሻር ብልም እምቢ አሉኝ። ሌላ ዘዴ ካለህ ጻፍልኝ። ደግሞ አንገቱ ሰፋ ያለ ነጭ ሸሚዝ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

መቼ እንደምትመጣ አሁንም አልጻፍክም። ፈተናው እንደዚህ ይረዝማል?

ኤሱማህ ዱጋሳ


ደብረጼን፣ ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለሙሽራው ለኤሱማ ዱጋሳ፤

ሰላምታዬ ከሸሚዙ ጋር አብሮ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ለተግባር ትምህርት ገጠር ወርጄ በቆሎ ውስጥ ከረምኩ። የፍየሉን ነገር ለጓደኞቼ ስተረጉምላቸው አንዱ ከወንበር ወደቀ። ስለ ድስቱ ክዳን ግን ልንገርዎ፤ አንድ ቀን ይጋለጣሉ!

አሁን ዘዴውን ያዳምጡ። አንቀጽ 10 ምን ይላል? «መዋጮውን ያላጓደለ አባል፣ በስብሰባው ቢገኝም ባይገኝም ሊመረጥ ይችላል።» ይህን ማንም አላስተዋለውም። ፈየራ በየበሩ እየዞረ ጮክ ብሎ ይንገራቸው፤ ያልመጣ ሰው እዚያው በሌለበት ይመረጣል ይበል። ያኔ ማን አጥር ሥር ይቆማል? ራሱን ለመከላከል ሲል ሁሉም ሮጦ ይገባል። ከመስቀል በኋላ ላለው መደበኛ ስብሰባ ይህን ያድርጉ።

ወይዘሮ ፀዳለን በእኔ ስም ሰላም ይበሉልኝ። ትንሽ ይታገሡ ይበሏቸው።

የእኔ ነገር ገና ነው። ሲወሰን እነግርዎታለሁ።

አክባሪዎ ሞቱማ


አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለሞቱማ፤

እግዚአብሔር በጤና ያክርምህ። ሸሚዙ ልክ ነው፤ ለብሼው የወጣሁ ዕለት ፀዳለ «ማን ሞተ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዘዴህ ሠርቶ ነበር። «የሌለ ይመረጣል» ሲባል እሑድ ጠዋት ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። የታመመ እንኳ ተደግፎ መጣ። አሰፋ ቆጠረና ከግማሽ በላይ ነን፣ ሕጋዊ ነው አለ። እኔ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ጨበጥኩት። ልክ «አጀንዳ አንድ» ሲል ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና መጣና፣ ነዋሪው በሙሉ ለእርከን ሥራ ይውጣ ተባለ። በቃ፣ ስብሰባው ተበተነ። ድንጋይ ስንሸከም ዋልን። ሰውም ተገላገልን ብሎ እየዘፈነ ነው የተሸከመው። አሰፋ ድንጋዩን እንደተሸከመ «አንቀጽ 11» ሲለኝ እላዩ ላይ ልጥልበት ነበር።

ሁለት ዓመት ተከታትሎ መስከረም ከዳኝ። ለፀዳለ ሄጄ ስነግራት ጎመኗን መኮትኮት ሳታቋርጥ ምን አለችኝ መሰለህ? «ዱጋሳ፣ አንተ ባለትዳር ነህ። ከእድር ያልተፈታ ወንድ አላገባም። ለጥር ከሆነ ይሁን፤ ከጥር ካለፈ የራስህ ጉዳይ። እኔም ዕድሜዬን ከመንገድ አላገኘሁትም» አለችኝ። ቀልድ የለባትም። ሞቱማ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ሴት መንገድ መንገዱን እያየች ጠብቃኛለች፤ እሷን ካጣሁ ሌላ የሚጠብቀኝ የለም።

ጭንቅ ሲመጣ ጠበቃ ያደርጋል። እኔም ደንብህን ይዤ አሰብኩ። «የጡሩምባ ድምፅ ከሚሰማበት» ነው እንጂ «አምቦ» አይልም። ታዲያ ድምፁ ጉደር ከተሰማ እዚያ ባድር ምን ይለኛል? ፈየራን «ድልድዩ ላይ ቁም፣ ባለ በሌለ ትንፋሽህ ንፋ» አልኩትና የጉደርን መንገድ ያዝኩ። ነፋ። እየሄድኩ አዳምጣለሁ። ይሰማል፣ ይሰማል፤ ዳገቱ ላይ ስደርስ እንደ ትንኝ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ትንሽ መለስ ብዬ ጆሮዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ለካ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው! እንዴት ረሳሁት በለኝ። ዘወር ስል የሁሉቃ ማዶ እድር በሙሉ አካፋውንና ዶማውን ተሸክሞ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ፈየራን ማን ሞተ ቢሉት «እኔ አላውቅም፣ ዳኛው ንፋ ብሎኝ ወደ ጉደር ሄዷል» ብሏቸዋል። ኦቦ ዳዲ ሲያየኝ «ይኸው ራሱ ቆሟል!» ብሎ ጮኸ። እኔ ሞቼ መስሏቸዋል! ያለቀሱትን አይቻለሁ፤ አሰፋ ራሱ አልቅሷል፣ አሁን ይክዳል። እውነቱን ከመናገር በቀር ምን ምርጫ ነበረኝ? ሴት ልጅ ወድጄ ነው አልኳቸው። ሳቁ ዳገቱን ሞላው። በሐሰት ጡሩምባ ያስነፋ ይቀጣል የሚል አንቀጽም ለካ ጽፈሃል። ተቀጣሁ።

ለእሷ የሚሆን የአንገት ሻርፕ ካገኘህ ላክልኝ። እንዲያው ምናልባት ለጥር ከተሳካልኝ ብዬ ነው።

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ከዚያ የመጣ ልጅ፣ አንተን እዚያው ሊያስቀሩህ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አንተ አልነገርከኝም። እኔም አልጠይቅህም።

ዱጋሳ


ደብረጼን፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ አይራቅ። ይህን ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልሰው፤ ጥር ሩቅ አይደለም።

ሞተዋል ተብለው ሲያለቅሱልዎ ማየትዎን ሳነብ ሳቅሁ፣ ቆይቼ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዲህ የሚወዱዎትን ሰዎች እንዴት አድርገን እናታልላቸው?

አገኘሁት። አስቸኳይ ስብሰባ የግድ ዕቃ ቤቱ ግቢ ይደረግ ተብሎ በደንቡ አልተጻፈም፤ የጡሩምባ ድምፅ ከሚሰማበት ክልል ውስጥ ይሁን እንጂ የትም ይሆናል። ለቅሶ ቤት አይፈቀድም። ሠርግ ቤትስ? ማንም አልከለከለም! አባሉ ሁሉ ሳይቀር የሚመጣበት ቦታ ለቅሶና ሠርግ ነው። ስለዚህ ሠርግዎን አምቦ በግቢዎ ይደግሱ። ሲሶውን አባል እንደ አምናው ያስፈርሙ፤ ፈየራም በየበሩ «ለዳኛው ሠርግና ለአስቸኳይ ጠቅላላ ስብሰባ» ብሎ ይጥራ። ሰንጋው ይታረድ፣ ይገፈፍ፣ ይሰቀል፤ አዲስ ዳኛ ሳይመረጥ ግን ቢላዋ አይነካውም። የሚሸሽ ካለ ይሽሽ፤ የሌለ ይመረጣል!

የሰሙት እውነት ነው። የበቆሎ ዘር ምርምር ክፍሉ «እዚሁ ቅር» ብሎኛል፣ ወረቀቱንም ሰጥተውኛል። እስከ ሰኔ ፈርም አሉኝ። ያልነገርኩዎ ምን ብዬ እንደምነግርዎ ስለጠፋኝ ነው። እናቴ የለችም። እርስዎም ደስ በሚል ነገር ወደ ጉደር ሊሄዱ ነው። ሁሉቃ ማዶ ያለው ቤት ይዘጋል። ማን አለኝ ብዬ እመጣለሁ? እንዲያዝኑ አይደለም። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው የሚመጣብኝን ነው የጻፍኩት።

ሻርፑ አረንጓዴ ነው፤ ለአትክልተኛ ይሆናል ብዬ።

ሞቱማ


ጉደር፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ሞቱማ፤

ክቡር ያልኩህ ተሳስቼ አይደለም። ተቀመጥና አንብበው።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ፈየራ እንዳልከው አድርጎ ጠራ። አባል አንድ ሳይቀር መጣ፤ ወንጪ ገበያ የሄደው እንኳ ፈረስ ጋልቦ ደረሰ። አሰፋ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ስም እየጠራ «ተገኝቷል፣ ተገኝቷል» እያለ አስገባ። ዳስ ሞላ። ሰንጋው ተሰቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ብርዙ ቀርቧል። ፀዳለ በአረንጓዴው ሻርፕ ሸብ አድርጋ ሥጋው ፊት ቆመች። ቢላዋው በእጇ ነው። «እኔ ያልተፈታ ባል አላገባም፤ እናንተም ያልተመረጠ ዳኛ ይዛችሁ አትበሉም» አለች። ሙሽራ እንዲህ ስትናገር አይቶ የማያውቀው ሕዝብ ያነሣውን ብርዝ መልሶ አስቀመጠ።

አሰፋ ስብሰባውን ከፈተ። ጥቆማ ሲባል ኦቦ ዳዲ አሰፋን ጠቆመ። አሰፋ ጸሐፊ ዳኛ አይሆንም ብሎ አንቀጽ ጠቀሰና መልሶ ዳዲን ጠቆመ። ዳዲ ወገቤን አለ። አንዱ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት አለ፣ ሚስቱ ደግሞ አይደለሁም ብላ ከወዲያ ጮኸች። ሥጋው ያማልላል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ያ ነጭ ሸሚዝህ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ዛሬም ካልሆነ ፀዳለ ቢላዋውን አስቀምጣ ጉደር እንደምትገባ ከዓይኗ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ፈየራ ጡሩምባውን ጉያው እንዳደረገ ተነሣ። «በየቤቱ ዞሬ፣ የሌለ ይመረጣል ብዬ አውጄ ነበር። ሁላችንም ስላለን ነው መምረጥ ያቃተን። እስቲ የሌለው ማን ነው?» አለ። አሰፋ ዝርዝሩን አየ። ደግሞ አየ። «ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተገኝቷል» አለ። «መዋጮው?» ተባለ። «አንድ ወር አልጎደለበትም፣ አጎቱ ይከፍልለታል።» ማነው ሳይባል ዳሱ ባንድ አፍ «ሞቱማ!» አለ። ጭብጨባው ድንኳኑን አነሣው። እኔ ልቃወም አፌን ስከፍት ፀዳለ የመጀመሪያውን ቁርጥ አጎረሰችኝ። የጎረሰ ሰው ደግሞ አይናገርም። በሙሉ ድምፅ ተመረጥክ። ሹመት ያዳብር!

ልለቃለሁ ብትል አንቀጽ 12 አለ፤ «ዳኛ ሥራውን የሚለቀው በጠቅላላ ስብሰባ ፊት በአካል ቀርቦ ነው» የሚለው። ይህንንም አንተ ነህ የጻፍከው። እስክትመጣ አሰፋ ይወክልሃል፤ ውክልናው ግን እስከሚቀጥለው መስቀል ብቻ ነው። አንቀጽ 14ን አስመልክቶም አባላቱ አንድ ጥያቄ አንሥተዋል። የጡሩምባው ድምፅ ደብረጼን ይሰማል ወይ? መልስህን ይጠብቃሉ።

እኔ ጉደር ገብቻለሁ። ደስታዬን በቃል አልችለውም። ፀዳለ ዕቃዬን ስትጭን አልጋ ሥር የድስቱን ክዳን አገኘችው። አንሥታ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «ምን ያህል ተመላለስክ በዚህ!» ብላ እስክትወድቅ ሳቀች። አሁን ድስቱ ሙሉ ሆኖ ዕቃ ቤት ገብቷል።

ማን አለኝ ብዬ እመጣለሁ ላልከው፣ እኔ ምን ብዬ እንደምመልስ ስጨነቅ ሰንብቼ ነበር። እነሱ መለሱልህ። አምስት ዓመት ሙሉ መዋጮህን ስከፍል ዳኛ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ስምህ ከመካከላችን እንዳይፋቅ ብዬ ነው። ቤቱም አልተዘጋም። የድንኳኑ ቁልፍ እናትህ ነጠላዋን ትሰቅልበት በነበረው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልትቀር ከፈለግህ አልቆጣህም፣ ልጄ ነህ። ግን ና።

ኤሱማህ ዱጋሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተራ አባል


ደብረጼን፣ ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተራው አባል ለኤሱማ ዱጋሳና ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ፀዳለ፤

ትዳራችሁን እግዚአብሔር ይባርከው፤ ጎመናችሁ ይለምልም፣ ድስታችሁ ክዳን አይጣ።

ምርጫውን ልቃወም ነበር። ደንቡን አውጥቼ አንቀጽ በአንቀጽ መረመርኩት። አባል ከግማሽ በላይ ነበር? ከአንድ በቀር ሁሉም። ጥሪ ተላልፏል? በየበሩ። ቦታው? ጡሩምባ ይሰማበታል። መዋጮ? ሙሉ። አንዲት ቀዳዳ ባገኝ ብዬ ደከምኩ፤ የለችም። ይህን የጻፈው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ያለ ክፉ ነው! ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ሲሉኝ አልሰማም ነበር። የፈሩት ይደርሳል።

የምርምር ክፍሉ ፕሮፌሰር ወረቀቱን ፈርመህ አምጣ ብለው ጠሩኝ። ባዶ እጄን ሄጄ፣ አገሬ ሹመት ደርሶኛል አልኳቸው። ምን ሹመት አሉኝ፤ ዳኛ ሆኛለሁ ስላቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። በዚህ ዕድሜህ! አሉ። ድንኳንና ድስት የሚጠብቅ፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ ዳኛ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። «ማን መረጠህ?» አሉኝ። ሁሉም አልኳቸው።

ኤሱማ፣ ብዙ አሰብኩ። ያ ቁልፍ ከእናቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እኔ እዚህ ከቀረሁ፣ ቁልፍ ይዞ ጅማ የሄደው ሰውዬ እኔ ነኝ። ያን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ፤ እሱን አልሆንም። በቆሎም ቢሆን ከዚህ ይልቅ ጉደር ይበቅላል።

ሰኔ መጨረሻ እመረቃለሁ፣ ነሐሴ ሲገባ አምቦ ነኝ። ለፈየራ አደራ ይበሉልኝ፤ ስመጣ ደስ ብሎት ጡሩምባ እንዳይነፋ፣ ሕዝቡ አካፋ ይዞ ይወጣል። ቁልፉን ክረምቱ እንዳያዝገው ዘይት ያስነኩልኝ። አባላቱ ላነሡት ጥያቄም መልሴን በስብሰባ ያንብቡልኝ፤ ይሰማል ይበሏቸው።

ሞቱማ፣ የሁሉቃ ማዶ እድር ዳኛ